ከላሊበላ የሚገዛ ሥዕለ አድኅኖ፦ እንጨቱ፣ ብራናውና ወረቀቱ ሲመዘኑ

ላሊበላ ከተማ ውስጥ የቅዱሳን ሥዕል በሦስት መልክ ይሸጣል፦ በእንጨት ላይ የተሣለ ባለመዝጊያ፣ በፍየል ብራና ላይ የተሣለ፣ በማሽን የታተመ። ፍርዱን ከፊት ለመናገር፣ ለቤት ጸሎት የሚገዛ ሰው እንጨቱን ይያዝ። ህትመቱ አጥርቶ ለመረጠው አያሳፍርም። ብራናው ግን አብዛኛው ለእንግዳ መታሰቢያ ተብሎ የተሠራ የግድግዳ ጌጥ ነው።

ጥሩው ባለመዝጊያ ከደረቀ ዋንዛ ይወጣል፤ ዋንዛ ለመጥረብ ይመቻል፣ ከደረቀም በኋላ ብዙ አይጣመምም። ሠዓሊው ገበታውን አለስልሶ ከቆዳ የተቀቀለ ሙጫ ይቀባዋል፣ ስስ አቡጀዲ ይለጥፍበታል፣ ከዚያ ጀሶ በሙጫ በጥብጦ በስሱ እየደጋገመ ያለብሰዋል። እያንዳንዱ ልብስ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል። በጥቁር መስመር ይነደፋል፣ መደቡና ልብሱ በቀለም ይሞላል፣ ፊትና እጅ ወደ መጨረሻው ይመጣል። ችኮላ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ጀሶው በአንድ ጊዜ በወፍራሙ ከተቀባ ሲደርቅ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። አቡጀዲው ከቀረ የእንጨቱ ስንጥቅ በቀጥታ ወደ ቅዱሱ ፊት ይወጣል። እንጨቱ እርጥብ ከነበረ ደግሞ በጋ ሲመጣ መዝጊያዎቹ አይገጥሙም።

ስለዚህ ሱቅ ውስጥ መጀመሪያ መዝጊያውን ክፈቱና ዝጉ፤ ጠርዝ ለጠርዝ መግጠም አለበት። ከዚያ ሥዕሉን ወደ ብርሃን አዘንብላችሁ በጎን ተመልከቱ፤ ያበጠ ቦታ ካለ ጀሶው ከእንጨቱ ተላቋል ማለት ነው። ያንን ቦታ በጣት ጥፍር ቀስ ብላችሁ ብትመቱትም ባዶ ድምፅ ይሰጣል። በጥንቱ አሠራር መዝጊያው የሚያያዘው በቀዳዳ ባለፈ ገመድ ነው፤ ገመድ ሲያረጅ ይቀየራል። ትንሽዬ የብረት ማጠፊያ በምስማር የተመታበት ግን ምስማሩ ስሱን እንጨት ከጫፉ ይሰነጥቀዋል። ዛሬ አብዛኛው ሠዓሊ አክሪሊክ ይጠቀማል፤ ይህ ነውር የለበትም፣ እንዲያውም ውሃ ቢነካው አይለቅም። የሚያስጠላው በላዩ የሚደፋው የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ነው፤ ውሎ አድሮ ቢጫ ይሆንና ሰማያዊውን መጎናጸፊያ አረንጓዴ ያስመስለዋል።

ከእጅ ሥራው በኋላ የሥዕሉ ሥርዓት ይታያል። ምስለ ፍቁር ወልዳ (እመቤታችን ከተወደደ ልጇ ጋር) ከሆነ ሕፃኑ በእመቤታችን ግራ ክንድ ላይ ይሁን፤ «ንግሥቲቱ በቀኝህ ትቆማለች» የሚለው መዝሙር የሚጠበቀው እንዲህ ነው። ቀኝ እጇ በግራው ላይ ተሻግሮ ሁለት ጣቶቿ ተዘርግተው ይታያሉ፣ መሐረብም ትይዛለች። ሚካኤልና ገብርኤል ሰይፍ ይዘው ከግራና ከቀኝ ይቆማሉ። በስቅለቱ የጌታ ራስ ወደ ቀኙ ያዘነብላል፣ እመቤታችን በቀኙ፣ ዮሐንስ በግራው ይሆናሉ፣ ከመስቀሉ ሥር የአዳም ራስ ቅል አለ። ጻድቃን በሁለት ዓይን ፊት ለፊት፣ አጋንንትና ገራፊዎች በጎን በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ፣ መርቆሬዎስ በጥቁር ፈረስ ነው፤ የፈረሱን ቀለም የለወጠ ሠዓሊ ሌላውንም አላጠናም።

«አበሻ ፊት ያለውን ብቻ ግዙ» የሚል ምክር ይሰማል። አሳቡ ደግ ነው፣ ታሪኩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ከላይ ያነሣነው የእመቤታችን አቀማመጥና የሁለቱ ጣቶች ሥርዓት ሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ካለው ጥንታዊ ሥዕል የተወረሰ ነው፤ ቅጂው በኢየሱሳውያን (በካቶሊክ ሚስዮናውያን) በኩል በ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በ17ኛው መጀመሪያ ግድም ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ከዚያ በፊት፣ በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ ፍሬ ጽዮን የተባለው ሠዓሊ እመቤታችንን በሌላ አቀማመጥ ሥሏል። ነገሥታቱ ወደ ጦርነት ይዘውት ይወጡ የነበረው ኲርዓተ ርእሱ፣ የእሾህ አክሊል የደፋው የጌታ ሥዕል፣ እርሱም በአውሮፓ ሠዓሊ እጅ የተሣለ ነበር፤ እዚሁ ወሎ፣ መቅደላ ላይ፣ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ሲገባ ሪቻርድ ሆምስ የተባለው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ወሰደው። ሠዓሊዎቻችን የውጩን ተቀብለው ፊቱን ጠይም፣ ዓይኑን ትልቅ፣ መስመሩን ደማቅ አደረጉት፣ መላእክቱን ጨመሩበት። በየሀገሩም እንዲሁ ነው፦ በሮም ካታኮምብ (ከመሬት በታች ባለው የጥንት ክርስቲያኖች መቃብር) ጌታ ጢም የሌለው ወጣት ሆኖ ተሥሏል፣ የሜክሲኮዋ የጓዳሉፔ ማርያም ጠይም ናት።

በየቤቱ የተሰቀለው፣ ቡናማ ጸጉር ያለው የጌታ ነጭ ፊት ግን ሌላ ነገር ነው። ብዙው በዋርነር ሳልማን፣ አሜሪካዊ ሠዓሊ፣ በ1940 እ.ኤ.አ. ከተሣለው ወይም ከሱ ከተቀዱት የመጣ ነው። የፊቱ ንጣት ብቻ አይደለም ጉዳዩ፤ እጁ አይባርክም፣ አክሊለ ብርሃኑም መስቀል የለውም፣ ጽሑፍም የለበትም። ስለዚህ የቁም ሥዕል ይመስላል።

ህትመት ስትገዙ የማይታለፍ አንድ ፍተሻ አለ፦ ሥዕሉ ተገልብጧል? ኮምፒዩተር ላይ ለገጹ እንዲመች ሲገለብጡት ሕፃኑ ወደ ቀኝ ክንድ ይዞራል፣ በግራ እጁም ይባርካል። ጽሑፉ ተፍቆ እንደገና ስለሚጻፍ በፊደሉ አይታወቅም፤ እጁን እዩ። ቀለሙ ርካሽ ከሆነ ፀሐይ ቀዩንና ቢጫውን ቀድማ ትበላለች፣ ፊቱም ሰማያዊ ይሆናል። መስታወት ያለው ክፈፍ ከሆነ ወረቀቱ መስታወቱን እንዳይነካ በመካከል የካርቶን ጠርዝ ይኑረው፤ አለዚያ በክረምት እርጥበት ይጣበቅና ሲላቀቅ ይቀደዳል።

ብራናውን በአጭሩ እንለፈው። ለብርሃን ስታነሡት የጸጉሩ ነጥብ የሚታይበት ወገንና ለስላሳው ወገን ይለያያሉ፤ ሥዕሉ በለስላሳው ላይ ቢሆን ይሻላል። በደንብ ያልተፋቀ ቆዳ ይሸታል፣ ዝናብ ሲመጣ ይጠቀለላል፣ ወፍራም ቀለም ከተቀባበት ደግሞ በእጥፋቱ ይረግፋል። ሻጩ «የሁለት መቶ ዓመት ነው» ካለ ሁለት ነገር ነው፦ እውነት ከሆነ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከሀገር ማውጣት ክልክል ነው፣ ውሸት ከሆነ በጭስ ያጠቆረውን ነው የሚሸጥላችሁ። እውነተኛ እርጅና እጅ በሚነካው ጠርዝ ላይ ይበረታል፤ የጭሱ ግን ሁሉም ቦታ እኩል ነው።

ከመግዛት በፊት ከላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አንዱ ወደሆነው ቤተ ማርያም ገብቶ የጣሪያውንና የቅስቶቹን ሥዕል ማየት፣ ከከተማው ወጣ ብሎም ገነተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ድረስ መሄድ ይጠቅማል፤ የገነተ ማርያም የግድግዳ ሥዕሎች ከይኩኖ አምላክ ዘመን ናቸው። ዓይን ያንን ካየ የሱቁን በፍጥነት ይለያል።

ቤት ሲደርስ ካህን ይባርከው፣ ምሥራቃዊው ግድግዳ ላይ መጋረጃ ተደርጎለት ይሰቀል። መጋረጃው ለክብር ነው፤ ፀሐይንም ይከለክላል። ሻማና ዕጣን በቀጥታ ከሥሩ አይሁን፤ ጥቀርሻው ሲጠረግ ቀለሙንም ይዞ ይነሣል። በመንገድ ላይ ባለመዝጊያውን ዘግታችሁ በጥጥ ጨርቅ ጠቅልሉት እንጂ በፌስታል አታፍኑት፤ ከላሊበላ ብርድ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት ሲወረድ ውስጡ ወበቅ ይይዛል፣ በሙጫ የተያዘውም ጀሶ ይለሰልሳል።