«በርቷል ወይስ ጠፍቷል?» ከኖክቱዋ ማቀዝቀዣ ጋር 11 ወር

ሥራዬ ድምፅ ነው። ትረካና ማስታወቂያ እቀዳለሁ፣ ቪዲዮም አቀናብራለሁ። ስቱዲዮ የምለው ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ያለው ቤታችን ውስጥ አንዷ ጓዳ ናት። ማይኩ ከኮምፒውተሩ ቢርቅ ሦስት ክንድ ነው። ፋኑ ከጮኸ ቀረጻ የለም።

ማሽኑን የገጣጠምኩት ራሴ ነኝ። ፕሮሰሰሩ (የኮምፒውተሩ አእምሮ በሉት) ባለ 12 ኮሩ ራይዘን 9 5900ኤክስ ነው። ካርቶኑ ውስጥ ማቀዝቀዣ፣ ማለትም ላዩ ላይ ታስሮ ሙቀቱን የሚያወጣለት ብረትና ፋን፣ የለውም፤ ለብቻው ይገዛል። ብሬ አልቆ ስለነበር መጀመሪያ ላይ «ይበቃዋል» የተባልኩትን ርካሽ ነገር ገጠምኩ። አልበቃውም። ቪዲዮ ኤክስፖርት ሳደርግ እማዬ ከሳሎን «ልጄ፣ ይሄ ነገር ሊበር ነው እንዴ?» ትለኝ ነበር።

ጓደኞቼ በውሃ የሚያቀዘቅዘውን ግዛ አሉኝ። እሱ ግን ፓምፕ አለው። ኮምፒውተሩ ቁጭ ብሎ ምንም ባይሠራም ፓምፑ ይዞራል፤ ለማይክ ደግሞ ትንሽም ብትሆን የማታቋርጥ እምምታ አትመችም። ቢበላሽስ? የአየሩ ፋን ቢሞት ማንኛውንም 120 ሚሊሜትር ፋን አስሬበት ሥራዬን እቀጥላለሁ። የውሃው ፓምፕ ቢሞት ከአዲስ አበባ እስኪመጣልኝ ሥራ ፈትቼ መቀመጥ ነው።

በመጨረሻ በፋን ብቻ የሚሠራውን፣ ኖክቱዋ የሚባለው ኩባንያ ምርት የሆነውን ኤንኤች-ዩ12ኤስ ያዝኩ። ታላቁን፣ ኤንኤች-ዲ15ን ፈልጌ ነበር፤ ግን ቁመቱ 165 ሚሊሜትር ነው፣ የኔ ኬዝ (የኮምፒውተሩ ሣጥን) የሚችለው 160 ነው። ዩ12ኤስ 158 ነው። ሁለት ሚሊሜትር ተርፎኝ ገባ። ፋኑ ቡናማ ነው፣ ብዙ ሰው በቀለሙ ይስቃል። ጅማ ላይ በቡናማ ማን ይስቃል?

ገጠማው ራሱ ቀላል ነበር። ጉዱ የድሮውን ሳወጣ ነው። ማሽኑ እንደቀዘቀዘ ቀጥ አድርጌ ወደ ላይ ሳብኩት። ቀጭ አለ። እጄ ላይ ሳየው ፕሮሰሰሩም አብሮ ተነቅሏል። በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መሃል ሙቀት እንዲያስተላልፍ የሚቀባው ቅባት፣ ፓስታው፣ ደርቆ እንደ ሙጫ አጣብቆታል! የዚህ ፕሮሰሰር እግሮች ከሥሩ የበቀሉ ቀጫጭን መርፌዎች ናቸው፣ ከሺህ በላይ። አንዷ ጎብጣለች። በባዶ የእርሳስ ብዕር ጫፍ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ አቃናኋት። እናንተ ግን መጀመሪያ ማሽኑን ሩብ ሰዓት ያህል አሠሩት፤ ፓስታው ሞቅ ሲል አጥፉትና ማቀዝቀዣውን ግራ ቀኝ ጠምዘዝ እያደረጋችሁ አላቁት።

ከዚያ ማሽኑን አበራሁት፣ ዝም አለ። ደስታዬ ግን የቆየው እስከ ማታ ነው። ብሮውዘር ስከፍት ፋኑ ቩውው ይላል፣ ይወርዳል፣ ደግሞ ይነሳል። ራይዘን ለትንሽ ሥራም ቢሆን ሙቀቱ በሰከንድ ውስጥ ዘሎ ይወጣል፣ ፋኑ ደግሞ እሱን ያሳድዳል። አንድ ወጥ ድምፅን ጆሮ ይለምደዋል። የሚያሰለቸው ይሄ መውጣት መውረዱ ነው። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) ገብቼ እስከ 70 ዲግሪ ድረስ ፋኑ በደቂቃ ከ700 ዙር በላይ እንዳይሄድ አሰርኩት፣ ፍጥነቱን ከመጨመሩ በፊትም ጥቂት ሰከንድ እንዲታገስ አደረግሁ። አስር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። ማቀዝቀዣው ከሰጠኝ ለውጥ ግማሹ የመጣው ከዚህ ነው ብል አላጋነንኩም።

ሌላው የረዳኝ ኢኮ ሞድ ነው፤ ፕሮሰሰሩ የሚስበውን ኤሌክትሪክ የሚገድብ ማስተካከያ። ይሄ ፕሮሰሰር ከፈቀዱለት እስከ 142 ዋት ይስባል። ኢኮ ሞድ 88 ላይ ያቆመዋል። በፊት በ14 ደቂቃ የሚወጣልኝ ቪዲዮ አሁን 16 ይፈጃል፣ ሙቀቱ ግን ከ82 ወደ 66 ወረደ። ሁለት ደቂቃ ምን አላት? ቡና ይቀዳባታል።

ኢንተርኔት ላይ የምታዩት የሙቀት ቁጥር አብዛኛው ቆላ የተለካ መሆኑንም አትርሱ። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር ያልፋል፤ አየሩ ከቆላው 15 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ፋኑ ያንኑ ያህል ቢዞር እንኳ የሚገፋው አየር ቀላል ነው፣ የሚወስደው ሙቀትም ያንሳል። ጥቂት ዲግሪ ከፍ ቢልባችሁ አትደንግጡ።

በሰባተኛው ወር ሙቀቱ ያለ ምክንያት ስድስት ዲግሪ ጨመረ። ከፈትኩት። በብረቱ ክንፎች መሃል አቧራ አለ፣ ግን እንደ ሌላው አቧራ እፍ ሲሉት የሚበን አይደለም። ቡናማ፣ የሚያጣብቅ፣ እንደ ስስ ጨርቅ የተነጠፈ። በጣቴ አንስቼ አሸተትኩት። እጣን! እማዬ ቡና የምታፈላው ከጓዳዬ በር ፊት ለፊት ነው፤ ኬዙ የቡናውንም የእጣኑንም ጭስ በቀን ሦስቴ ሲስብ ከርሟል። ፋኑን ነቅዬ በቀለም ብሩሽ ጠረግሁት። አሁን በየሁለት ወሩ እጠርጋለሁ። ረከቦቱ ከቦታው ይነሳ ብዬ ግን አልጠየቅሁም፤ አላበድኩም።

ቅሬታ ካላችሁ፣ ዋጋው ነው። ለአንድ ብረትና ፋን ይሄን ያህል ብር ሲወጣ ያማል። የስድስት ዓመት ዋስትና አለው ይባላል፣ ከጅማ ሆኖ ማን ጋ እንደሚኬድ ግን አላወቅሁም። ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ገንዘቡን የጣልኩት ያህል ነው። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ እንኳን ፋን፣ የራሴንም ድምፅ አልሰማ።

ትልቁ ኪሳራዬ የመጣው ከዝምታው ነው። በስምንተኛው ወር፣ ኤክስፖርት ላይ አስቀምጬው ወጣ አልኩ። ስመለስ እማዬ ካውያ ሰክታ ነጠላዋን ትተኩሳለች። የተነቀለው ሶኬት የማን እንደሆነ ገምቱ።

«የጠፋ መስሎኝ እኮ ነው ልጄ፤ ድሮ ይጮህ አልነበር?»

የሦስት ሰዓት ሥራ ሄደ። ምን እላታለሁ? አሁን ሶኬቱ ላይ ቀይ ፕላስተር ለጥፌያለሁ። እሷም ካውያ ከመሰካቷ በፊት በሩን ገፋ አድርጋ «በርቷል ወይስ ጠፍቷል?» ትለኛለች፤ ብዙ ጊዜ ቀረጻ መሃል ላይ ነኝ።