በመድን ደብተር ወይስ ከኪስ? የተላላፊ በሽታ ሐኪም ፍለጋ በባሕር ዳር

ሄፓታይተስ ቢ (ጉበትን የሚያጠቃ ቫይረስ) የተገኘበት ሰው ባሕር ዳር ላይ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተሩን ይዞ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ሪፈር ተጽፎለት ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ይደርሳል። ሪፈሩን ዘሎ ከሄደ ግን ሽፋኑ ላይ ችግር ይገጥመዋል። ደብተሩ ካልታደሰማ ነገሩ ካርድ ክፍል ላይ ያበቃል፤ ከቤት ሳይወጡ ማየት ይሻላል። ወረፋው ያሰለቻል። «መድኃኒቱ የለም፣ ውጭ ግዙ» መባልም አለ። ግን የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስቱ፣ ላቦራቶሪውና አልጋው አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው።

ሁለተኛው መንገድ የግል ክሊኒክ ነው፤ ፈጣን ነው። መድን ግን በአብዛኛው አይቀበልም፤ ካርዱም፣ ምርመራውም፣ መድኃኒቱም ከኪስ ነው።

ጣና ዳር ውሃ ውስጥ ለሚውል ሰው ቢልሃርዚያ ቢጠረጠር፣ ግሉ ያዋጣል። ሰገራ ይታያል፣ መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይታዘዛል፣ አለቀ። ዓመታት ክትትል ለሚፈልገው ሄፓታይተስ ቢ ግን እኔ ወረፋውን ችዬ መድኑን እመርጣለሁ። ቲቢና ኤችአይቪ ከሆነ ስለ መድኃኒት ወጪ መጨነቅም አያስፈልግም፤ መድኃኒታቸው በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ነው፣ መድን ኖረም አልኖረም።