ጉዳይ አስፈጻሚ ለቤት ገዢ፦ ደብረ ብርሃን ላይ ክፍያው ለየትኛው ሥራ ይገባዋል?

አዲስ አበባ እየኖረ ደብረ ብርሃን ቤት የገዛ ሰው 130 ኪሎ ሜትር እየተመላለሰ ወረፋ መያዝ አይችልም። ስለዚህ ውክልና ሰጥቶ ጉዳይ አስፈጻሚ ይቀጥራል። እዚህ የምንገመግመው ይህንን አገልግሎት ነው፤ አንድን ቢሮ ወይም አንድን ሰው አይደለም።

አገልግሎቱ ስም በማዛወር በኩል ጥሩ ነው። ፋይል ያስወጣል፣ ግምት ያስይዛል፣ የቴምብር ቀረጥ ያስከፍላል፣ ካርታውን በገዢው ስም ያመጣል። ድክመቱ ከዚያ በኋላ ነው። ካርታው እጅ ሲገባ ሥራው አለቀ ይባላል፤ የገዢው የግብር ኃላፊነት ግን ገና መጀመሩ ነው።

ዋናው ክፍተት ይሄ ነው፦ የይዞታው ፋይል መሬት ክፍል፣ የግብር መዝገቡ ደግሞ ገቢዎች ዘንድ ነው። አንዱ ላይ ስም መቀየሩ ሌላውን በራሱ አይቀይረውም። አዲሱን ካርታ ኮፒ ይዞ ገቢዎች ሄዶ መዝገቡን በገዢው ስም የሚያስለውጥ ሰው ካልተገኘ፣ የቤት ግብሩ በሻጩ ስም ሲቆጠር ይኖራል። ገዢው ከጥቂት ዓመታት በኋላ የግንባታ ፈቃድ ወይም የባንክ ብድር ሲጠይቅ ውዝፉ ከነቅጣቱ ይመጣበታል። በመንደር ውል ገዝቶ ስም ሳያዛውር የተቀመጠማ ከዚህም የባሰ ችግር አለበት፤ የከፈለው ሁሉ በሌላ ሰው ስም ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ መደረግና ፍርድ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ፊት መመዝገብ እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 ይደነግጋል።

ደረሰኝ ማየትም ዘዴ አለው። ጥሩ ጉዳይ አስፈጻሚ የተከፈለበትን ቀን ብቻ አያይም፤ የየትኛው ዘመን ግብር እንደሆነ ያነባል። በ2017 የተቆረጠ ደረሰኝ የ2014ን ውዝፍ ሊሆን ይችላል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ስለሚያልቅ፣ ግንቦት ላይ የተዋዋለ ሰው የዚያን ዓመት ግብር ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ማስፈር አለበት። ካላሰፈረ ክርክሩ ክረምት ላይ ይነሳል። ስሙ፣ የቤት ቁጥሩና የቦታው ስፋትም ከካርታው ጋር መመሳከር አለባቸው።

ብዙ ገዢዎችን የሚያሳስተው ነባር ይዞታ፣ ማለትም የሊዝ ሥርዓት ከመምጣቱ በፊት የተያዘ ቦታ ነው። የሻጩ ዓመታዊ የቦታ ኪራይ ትንሽ መሆኑን አይተው «ወጪው ይቺ ናት» ይላሉ። በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ግን ነባር ይዞታ ከውርስ በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ገዢው ቦታውን የሚይዘው በሊዝ ነው። የሻጩ ደረሰኝ የገዢውን ክፍያ አያሳይም ማለት ነው። ቦታው ቀድሞም የሊዝ ከሆነ፣ መጠየቅ ያለበት የሊዝ ውሉ ራሱ ነው፦ ቅድሚያ ክፍያው ስንት ነበር፣ ስንት ዓመት ተከፈለ፣ ስንት ቀረ? በቀሪው ላይ ወለድ አለ። ውዝፉ ለ3 ዓመት ከተጠራቀመ አስተዳደሩ ንብረቱን ይዞ እስከ መሸጥ ሥልጣን አለው። ይህንን ሳያጣራ «ሰነዱ ንጹሕ ነው» የሚል ጉዳይ አስፈጻሚ አይቀጠርም።

አጥብቀን የምንቃወመው ምክር ደግሞ አለ፤ «ውሉ ላይ ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፍ» የሚለው። ሕገ ወጥ መሆኑ አንድ ነገር ሆኖ ሒሳቡም አያዋጣም። ቤቱ በ3,000,000 ብር ተገዝቶ ውሉ ላይ 1,200,000 ተጻፈ እንበል። የቴምብር ቀረጡ 2 በመቶ ስለሆነ፣ የተጻፈው ዋጋ እንዳለ ቢያልፍ እንኳ ትርፉ 36,000 ብር ነው። አስተዳደሩ በራሱ ግምት ካስከፈለ ደግሞ እሷም የለችም። ገዢው በተራው ቤቱን በ4,000,000 ቢሸጥ፣ በወረቀት የሚታየው ጥቅም 1,000,000 መሆኑ ቀርቶ 2,800,000 ይሆናል። በአዋጅ ቁጥር 979/2008 የተቀመጠው የካፒታል ጥቅም ታክስ 15 በመቶ ነው፤ የዋጋ ንረት ማስተካከያውን ሳንጨምር 150,000 የነበረው 420,000 ብር ሆነ ማለት ነው። ከመሸጡ በፊት 2 ዓመት ሙሉ ለሙሉ ለራሱ መኖሪያ ያዋለው ሰው ከዚህ ታክስ ነፃ ነው፤ ላከራየው ግን ይህ አይሠራለትም። ሽያጩ ቢፈርስም ገዢው አስመልሳለሁ ብሎ በማስረጃ የሚያቀርበው የተጻፈውን 1,200,000 ነው።

ስለ ኪራይ ካነሳን፣ ግቢው ውስጥ ያለውን ሰርቪስ ቤት እንኳ ያከራየ ሰው ከቤት ግብሩ ሌላ የኪራይ ገቢ ግብር አለበት።

ውክልናው ይጥበብ። ስም ለማዛወር፣ ግብር ለመክፈልና ሰነድ ለመቀበል ብቻ ይሁን፤ መሸጥና ማስያዝ አይጨመሩበት።

በትንንሾቹ ከተሞች፣ መሐል ሜዳም ይሁን እነዋሪ፣ ቦታው ላይ ለሚኖር ሰው ጉዳይ አስፈጻሚ መቅጠር የግድ አይመስለንም። ማዘጋጃ ቤቱ ቅርብ ነው፤ ሁለት ጠዋት መመደብ ይሻላል። ደብረ ብርሃን ላይ ከሩቅ ሆኖ ለሚገዛ ግን አገልግሎቱ ይጠቅማል፤ የሥራው ዝርዝር በጽሑፍ ከተያዘ። ዝርዝሩ ውስጥ የቤቱ ልኬት ይግባ፦ ፋይሉ 72 ካሬ ሜትር እያለ መሬት ላይ 110 ከሆነ፣ ልዩነቱ አሁኑኑ ይታወቅ። ጥር 2017 የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ግብሩን ከንብረቱ ዋጋ ጋር የሚያያይዝ ስለሆነ፣ ክልሎች በየራሳቸው ሕግ ወደ ሥራ ሲያስገቡት የልኬት ስህተት በየዓመቱ ገንዘብ ያስከፍላል።

የአገልግሎት ክፍያውን በሁለት መክፈል እንመክራለን። ግማሹ ሥራው ሲጀመር፣ ቀሪው ካርታው ሲመጣ ሳይሆን በገዢው ስም የተቆረጠ የመጀመሪያው የቤት ግብር ደረሰኝ ሲቀርብ።