ለጥምጥሙ ብላችሁ ጭማሪ አትክፈሉ፦ የፑል ዱላ ለምትገዙ የባሕር ዳር ተጫዋቾች

በቴሌግራምም ሆነ እጅ በእጅ የፑል ዱላ የሚሸጡ ሰዎች አንድ አባባል ለምደዋል፦ «ይሄኛው ባለ ቆዳ ነው፣ ያኛው ባዶ እንጨት ነው፤ ዋጋቸው እንዴት አንድ ይሆናል?» እንዳትሸወዱ። መያዣው ላይ ክር ወይም ቆዳ መጠምጠሙ ዱላውን የተሻለ አያደርገውም። ኳሱን የሚነካው ጫፉ ነው፤ ምቱን ቀጥ የሚያደርገው ደግሞ እንጨቱና መጋጠሚያው ነው። የጥምጥሙ ሥራ ላብ መምጠጥና መዳፍ እንዳይንሸራተት ማገዝ ብቻ ነው። ለእሱ ብሎ ብዙ ብር መጨመር ለመሪ ልባስ ብሎ የመኪና ዋጋ እንደመጨመር ነው።

ይባስ ብሎ ርካሽ ዱላ ላይ ጥምጥም የጉድለት መሸፈኛ ይሆናል። ባለ ሁለት ቁራጭ የፑል ዱላ ርዝመቱ 147 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱም አብዛኛውን ጊዜ ከ510 እስከ 600 ግራም ነው። ወፍራሙ የታችኛው ቁራጭ ሲታይ አንድ ወጥ እንጨት ይመስላል እንጂ ብዙ ጊዜ አይደለም። የፊተኛው ክፍልና መያዣው ለየብቻ ተሠርተው ውስጥ ለውስጥ በብሎንና በኮላ ይያያዛሉ፤ የሚያያዙትም ልክ ጥምጥሙ በሚጀምርበት አካባቢ ነው። ኮላው ቢለቅ፣ እንጨቱ ቢሰነጠቅ፣ መያዣው ከርካሽ ቁርጥራጭ ቢሠራ ከጥምጥሙ ሥር ማን ያየዋል? ጥምጥም የሌለው ዱላ ይህ መደበቂያ የለውም። እንጨቱ ከላይ እስከ ታች ስለሚታይ ሠሪው ደህና እንጨት ለመምረጥ ይገደዳል።

ከሁሉም በላይ የምናስጠነቅቀው «ባዶውን ግዛ፣ ቆዳ እናለብስልሃለን» የሚለውን ነው። ባለ ጥምጥም ዱላ ሲሠራ መያዣው መጀመሪያ በቶርኖ ይላጣል። ለክር ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ለቆዳ ደግሞ እስከ 1 ሚሊ ሜትር ዝቅ ተደርጎ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ጎድጓዳ ይወጣለታል። ጥምጥሙ እዚያ ውስጥ ስለሚቀመጥ ከእንጨቱ ጋር እኩል ይሆናል። ያልተላጠ እንጨት ላይ 1 ሚሊ ሜትር ቆዳ በማስቲሽ ቢለጠፍ ግን የመያዣው ውፍረት በ2 ሚሊ ሜትር ይጨምራል። ለዱላ ይህ ብዙ ነው፦ አያያዛችሁ ይለወጣል፣ የቆዳው ጠርዝ መዳፍ ላይ ይቆረቁራል፣ ከሻንጣው በወጣና በገባ ቁጥርም እየተፋቀ ይላጣል።

የተገላቢጦሹም እንደዚያው ነው። «ጥምጥሙን ፍታው፣ ባዶ ይሆንልሃል» ቢሏችሁ አትስሙ። ከሥሩ የምታገኙት ጎድጓዳ፣ ቫርኒሽ ያልነካው፣ ብዙ ጊዜም መልኩ ከላይኛው ጋር የማይሄድ እንጨት ነው።

ቆዳ ተብሎ የሚሸጠውም አብዛኛው ጨርቅ ላይ የተቀባ ፕላስቲክ ነው። ሲገዙት ያምራል፤ በመጋቢትና በሚያዝያ የባሕር ዳር ሙቀት፣ እጅ በሚያልብበት ሰዓት፣ ማስቲሹ ይለሰልስና ስፌት መስሎ በቁመቱ የሚወርደው መጋጠሚያ ይከፈታል። የስልካችሁን መብራት በጎን አብሩና ይህን መስመር በአውራ ጣት ጥፍር ከላይ ወደ ታች ፈትሹት። እውነተኛ ቆዳ በደንብ ከተለበጠ ሁለቱ ጠርዞች ተነካክተው ጥፍር አያስገቡም። ጥፍራችሁ ከገባና ነጭ የጨርቅ ክር ብቅ ካለ ቆዳ አይደለም። ክር ከሆነ ደግሞ አንድ የውሃ ጠብታ በጣታችሁ አድርጉበት። ከተልባ ተክል የሚሠራው የሊነን ክር አብዛኛውን ጊዜ ውሃውን ቀስ ብሎ ይመጠዋል፤ ናይለን ላይ ጠብታው እንደቆመ ይቆያል። ላብ የማይመጥ ክር ለሚያልበው እጅ ምን ይጠቅማል?

ብር ከመክፈላችሁ በፊት ሁለቱን ቁራጮች ለየብቻ ጠረጴዛው ላይ አንከባሉ፤ ከዚያ ገጥማችሁ ድገሙት። ለየብቻ ቀጥ ብለው ሲገጠሙ የሚወዛወዙ ከሆነ ችግሩ መጋጠሚያው ላይ ነው፤ አንደኛው ለብቻውም ከተወዛወዘ እንጨቱ ራሱ ጠሟል። በጣና ዳር ከሰኔ እስከ መስከረም አየሩ እርጥብ ነው፣ በበጋ ይደርቃል፤ ግድግዳ ላይ ተደግፎ የከረመ ዱላ በቀላሉ ይጠማል። ቀጥሎ የላይኛውን ቁራጭ ለቀቅ አድርጋችሁ ያዙና የታችኛውን በመዳፋችሁ መታ መታ አድርጉት። የሚንዘረዘር ወይም የሚንቀጫቀጭ ድምፅ ከተሰማ ውስጥ የለቀቀ ነገር አለ፤ አንዳንዴ ዱላው እንዲከብድ ከታች ውስጡ የሚገባው ብሎን ብቻ ነው፣ አንዳንዴ ግን ጥምጥሙ ሥር ያለው መያያዣ ነው። ለመለየት ከታች ያለውን ጎማ አውጡትና ብሎኑን አጥብቁት። ድምፁ ከቀጠለ ዱላውን መልሱ።

ጎማው ሲወጣ ሌላም ነገር ይታያል። ጥምጥም የሌለው ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት አይደለምና፣ ርካሹ ላይ የእንጨት መስመር የሚመስለው ሥዕል የታተመ ስቲከር ሊሆን ይችላል። የውጪው መስመር በታችኛው ጫፍ ከሚታየው የእንጨቱ አቆራረጥ ጋር ካልተያያዘ፣ ወይም አንዱ ጎን የሌላው ግልባጭ ከሆነ፣ ሥዕል ነው። ሻጩ ጎማ ማውጣት ከከለከላችሁ ጥላችሁ ሂዱ።

ምርጫውስ? እጃችሁ ብዙ የሚያልብ ከሆነ በቶርኖ ጎድጓዳ ወጥቶለት የተጠመጠመ የሊነን ክር ጥሩ ነው፤ ሲቆሽሽ ግን ስለሚያብለጨልጭና ስለሚንሸራተት በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ አድርጋችሁ ማድረቅ አለባችሁ። እጃችሁ ደረቅ ከሆነ ባዶው ይሻላል፦ የሚላላ ክር፣ የሚከፈት ስፌት የለውም። ችግሩ ወፍራም የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ በላብ እጅ ላይ መጣበቁ ነው። ደረቅ ጨርቅ ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር፣ ቀጭን ሰምም ቀቡት። በብርጭቆ ወረቀት አትፋቁት፤ ቫርኒሹ ሲሳሳ እንጨቱ ላብ ይጠጣል። ባዶውን ገዝታችሁ መያዣ ካማራችሁ ማስቲሽ ሳይነካው ተጎትቶ የሚገባና የሚወጣ የጎማ እጅጌ አለ። ካልተመቻችሁ ታወልቁታላችሁ፣ ዱላውም እንዳለ ነው።

ደረሰኝ ላይ «የፑል ዱላ» ብቻ ተጽፎ አትቀበሉ። «ቀጥ ያለ፣ ያልተሰነጠቀ» ተብሎ፣ ባለ ቆዳ ከሆነም «መያዣው የተፈጥሮ ቆዳ» ተጨምሮ ይጻፍ። ይህን ለመጻፍ የሚያንገራግር ሻጭ የሚሸጠውን ያውቃል።

የገዛችሁትና ክሩ መላላት የጀመረ ካለ ደግሞ የወጣውን ጫፍ አትቁረጡት። አንድ መያዣ ላይ ከ30 ሜትር በላይ አንድ ወጥ ክር ነው የሚጠመጠመው፤ ከተቆረጠ ወደ ኋላ እየተፈታ ይሄዳል። ጫፉን ጠበቅ አድርጋችሁ ወደ ቦታው መልሱት፣ በመርፌ ጫፍ አንዲት ጠብታ ሱፐር ግሉ አስነኩት፣ እስኪይዝ ድረስ በፕላስቲክ ተጭናችሁ ቆዩ። ቆዳው ተከፍቶ ከሆነ ግን በላዩ ላይ ማስቲሽ አትደርቡ፤ አውልቃችሁ፣ አሮጌውን ማስቲሽ አጽድታችሁ፣ በልኩ በተቆረጠ አዲስ ቆዳ አስለብጡት። ስታወልቁትም ከሥሩ ያለውን እንጨት በብርሃን እዩት። ስንጥቅ ካገኛችሁ ፎቶ አንስታችሁ ከደረሰኙ ጋር ወደ ሻጩ ተመለሱ።