ኢንቮሳ፦ ሕመም ያስታግሳል፣ ካርቲሌጅ ማደሱ ግን አልተረጋገጠም

ለጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ (የአጥንቶችን ጫፍ የሚሸፍነው ልስልስ ካርቲሌጅ እያለቀ ለሚመጣ የመገጣጠሚያ ሕመም) የቀረበው ይህ የጂን ሕክምና መርፌ የደቡብ ኮሪያው ኮሎን ኩባንያ ምርት ነው። የአገሪቱ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ፈቀደው፤ በ2019 ደግሞ ፈቃዱን ሰረዘ። በመካከሉ ከ3,000 በላይ ሰዎች ተወግተውታል።

ሁለት ዓይነት ሕዋስ ይዟል። የመጀመሪያው ከሌላ ሰው የተወሰደ ጤናማ የካርቲሌጅ ሕዋስ ነው። ሁለተኛው ቲጂኤፍ ቤታ 1 የተባለውን የእድገት ፕሮቲን እንዲያመርት በሬትሮቫይረስ አማካይነት ጂን የገባለት ነው። ቅልቅሉ 3 ለ 1 ሲሆን ጉልበት ውስጥ አንዴ ይወጋል፤ ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም። የታካሚውን የራሱን ጂን አይቀይርም። ሁለተኛው ሕዋስ እንዳይራባ አስቀድሞ በጨረር ስለሚመታ ውሎ አድሮ ይሞታል።

የተፈቀደው ለሁሉም የጉልበት ሕመምተኛ አልነበረም። በራጅ ሲታይ የጉዳቱ ደረጃ 3 (ከፍተኛው 4 ነው) የሆነና መድኃኒትና ፊዚዮቴራፒ ለ3 ወር ሞክሮ ያልተሻለው ሰው ብቻ ነበር የሚወጋው።

163 ሰዎች በተሳተፉበት የኮሪያ ሙከራ ከ52 ሳምንት በኋላ የሕመም መጠን ከ100 ነጥብ በ24.5 ቀነሰ፤ መድኃኒት የሌለበት መርፌ በተወጉት ዘንድ 10.3 ነው። የጉልበት አገልግሎት መለኪያው በ15.1 ሲሻሻል የሌሎቹ በ5 ብቻ ነው። እዚህ ድረስ ጥሩ ነው። በኤምአርአይ ግን በካርቲሌጁ ላይ አሳማኝ ልዩነት አልታየም። ስለዚህ “ካርቲሌጅ ያበቅላል” የሚለውን ማስታወቂያ አንቀበለውም፤ ረጅም ጊዜ የሚቆይ የሕመም ማስታገሻ ቢባል ይበቃዋል። ከተወጉት የተወሰኑት የእግር እብጠት፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ወይም የጉልበት ማበጥ ገጥሟቸዋል።

ዋናው ጉድ የወጣው በ2019 ነው። የሕዋስን ማንነት የሚለይ የዲኤንኤ ምርመራ ሲደረግ ሁለተኛው ሕዋስ እንደተባለው የካርቲሌጅ ሳይሆን 293 የተባለ፣ በቤተ ሙከራ የሚራባ የኩላሊት ሕዋስ ዝርያ ሆኖ ተገኘ። ይህ ዝርያ ቫይረሱን ለማምረት ያገለገለው ነው፤ ከምርቱ በደንብ ሳይለይ ቀርቶ ቦታውን ያዘ። ለዓመታት ሳይታወቅ የቆየው የኩላሊት ሕዋሱም ፕሮቲኑን ስለሚያመርት ነው፤ ፕሮቲኑን መለካት ደግሞ የሕዋሱን ምንጭ አይናገርም። የሙከራው ቁጥር የተገኘው በዚሁ ሕዋስ በመሆኑ ውጤቱን ውድቅ አያደርገውም። የሚያሳስበው ሌላ ነው፦ 293 ያለገደብ መራባት የሚችል ዝርያ ስለሆነ ዕጢ እንዳያስከትል ያለው ዋነኛ መከላከያ ጨረሩ ነው። በዚህም የተነሳ ለተወጉት ሰዎች የ15 ዓመት ክትትል ታዟል።

የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በ2019 ሙከራውን አግዶ በ2020 ዕገዳውን አነሳ። መርፌው ቲጂ-ሲ በሚል ስም ከ1,000 በላይ ሰዎች ላይ ተሞክሯል። የዚያን ውጤት የሚያነብ ሰው የሕመሙን ነጥብ ከማየቱ በፊት የኤምአርአዩን ሰንጠረዥ ይፈልግ።