እናቴን ለአንድ ፋሲካ ለመለሰችልኝ እህት

በመጀመሪያ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ምስጋና ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ ልጽፈው ስነሳ እንባ እየቀደመኝ ተውኩት። ዛሬ የጨረስኩት የመርሳት ሕመም ያለበት ወላጅ ቤታችሁ ያለ ሁሉ እንድታነቡት ብዬ ነው።

እናቴ 78 ዓመቷ ነው። ስድስት ልጆች ያሳደገች፣ ለማርያም ማኅበር ጠላ ጠምቃ፣ ድፎ ደፍታ ሰፈሩን ያበላች ሴት ናት። ከአራት ዓመት በፊት መጀመሪያ የጣደችውን ድስት መርሳት ጀመረች፤ ቀጥሎ የቤቷን መንገድ፤ ቀጥሎ እኛን። ስሜን መርሳቷን ችዬው ነበር። ያልቻልኩት «አንቱ» ማለቷን ነው። «የኔ እመቤት፣ እርስዎ የማን ልጅ ነዎት?» ትለኛለች፤ ለእንግዳ እንደሚባለው በትሕትና፣ ወንበር እየሳበችልኝ።

ያልሞከርነው የለም። አንድ ሐኪም ዘንድ ግማሽ ቀን ተሰልፈን ቀና ብሎ እንኳን ሳያያት «እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል» ብሎ ሸኘን። ከዚያ እንድትንከባከባት የቀጠርናት ሴት እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይህቺ ማን ናት? ያቺስ?» እያለች እንደ ተማሪ ትፈትናት ነበር። ስትሳሳት ትስቃለች፤ እናቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ትስባለች። አያቴን ፈልጋ «እናቴ የት ሄደች?» ስትል ደግሞ «ሞተዋል እኮ፣ ስንት ጊዜ ልንገርዎት!» ትላታለች። እናቴ የሰማችውን ስለማትይዝ በቀን ሦስት ጊዜ አዲስ መርዶ ይደርሳታል፤ ሦስት ጊዜ ታለቅሳለች። ከፍለን ያዋልናት ሌላ ቦታም አረጋውያኑን ቴሌቪዥን ፊት ደርድሮ የሕፃን መጫወቻ በእጃቸው ያስይዛቸው ነበር። ያን መጫወቻ በእናቴ እጅ ባየሁ ዕለት ይዣት ወጣሁ። የከፈልኩት ገንዘብ አይቆጨኝም፤ የተደፈረው ክብሯ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ይህችን እህት የጠቆመችኝ ጎረቤቴ ናት። እህታችን ነርስ ናት፤ በሳምንት ሦስት ቀን ቤት ድረስ ትመጣለች። የመጀመሪያ ቀን ስለ መድኃኒት ትጠይቀኛለች ብዬ ስጠብቅ «እማማ በዓል ሲደርስ ምን ምን ይሠሩ ነበር?» አለችኝ። ጻፈችው፤ አንድ ገጽ ሞላ። ስለ አንጎል ብዙ አስረድታኛለች፤ አብዛኛው አልገባኝም። የገባኝ፣ ትናንትን የረሳ ሰው የልጅነቱን በዓል ላይረሳ እንደሚችል፣ ከአፍ የጠፋውንም እጅ ሊያውቀው እንደሚችል ነው። ሕመሙን እንደማታድነው ያን ቀን በግልጽ ነግራኛለች።

«ያስታውሳሉ?» ብላ ጠይቃት አታውቅም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። እናቴ አያቴን ስትፈልግ «እናትዎ ለፋሲካ ምን ይሠሩ ነበር?» ትላታለች፤ ልቅሶው ወደ ወግ ይለወጣል። ለሆሳዕና ዘንባባ ይዛ መጣችና ሆን ብላ እያበላሸች ትታታ ጀመር። እናቴ ጥቂት አይታ ከእጇ ነጠቀቻት፤ «እንዲህ አይደለም» ብላ ቀለበትና መስቀል ታታችላት። ለስቅለት ጉልባን ባቄላውንና ስንዴውን አብረው ለቀሙ። የቀዳም ሥዑር ጠዋት ካህኑ ቄጤማ ይዘው ሲመጡ እናቴ ማንም ሳይነግራት ራሷ ላይ አሰረችው።

ያን ዕለት፣ ሚያዝያ 11 ቀን 2017፣ ዶሮው በሎሚና በጨው ታጥቦ በትሪ ቀረበላት። ቢላዋ ስትሰጣት ልከለክል ተነሳሁ። እህታችን በዓይኗ አስቀመጠችኝና ከጎኗ ሆና ክንዷን በቀስታ ደገፈች። እናቴ የኔን ስም የረሳችው ሴት «ፈረሰኛ፣ መላላጫ፣ ቅልጥም፣ አቃፊ» እያለች እየጠራች 12ቱንም ብልት አወጣች። አንዱም አልተሰበረባትም፤ አንዱም አልጎደለ። እኔ ምድጃው አጠገብ ቆሜ ሳያት ሽንኩርቱ ማረር ጀምሮ ኖሯል። ዞር አለችና ተቆጣችኝ፦ «አንቺ ልጅ፣ ምን ያፈዝዝሻል? አማስይው እንጂ፣ ሊያርብሽ እኮ ነው!»

«አንቺ» አለችኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ። ማማሰያውን ይዤ ወደ ግድግዳው ዞሬ አለቀስኩ። ሲመሽ ተመልሳ «እርስዎ» ብላኛለች፤ ግድ የለም፣ ያቺ ቁጣ ለኔ የበዓል ስጦታ ናት።

እባካችሁ ወላጆቻችሁን «ጃጅተዋል» ብላችሁ ጥግ አታስቀምጡ። ይህችን እህት ጥሯት። ስሟን እንዳልጽፍ ስለለመነችኝ አልጻፍኩትም፤ የምትፈልጓት ግን በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ዋጋዋ ቀደም ሲል ከከፈልነው አይበልጥም፤ ሰዓት አታጓድልም፤ እናቴን እንደ ሰው ታያታለች። ደግሜ እላለሁ፣ ጥሯት።

እህቴ፣ ይህን ካነበብሽው እጅሽ ይባረክ፤ ወላጆችሽን ያቆይልሽ። እህታችን እናቴ ደብረ ማርቆስ አካባቢ ማደጓን ከሰማች ወዲህ ለእንቁጣጣሽ የእንግጫ ሣር ከየት እንደሚገኝ ከአሁኑ እየጠየቀችኝ ነው። ከጎጃም የምትመጡ ካላችሁ እባካችሁ ለጳጉሜን ትንሽ ይዛችሁልን ኑ።