የፕኖፕ ያለበት አሮጌ ድረ ገጽ፦ ሎደሩን በምን እንተካው?

የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ሱቅም ሆነ የመሐል ሜዳ ባና ሻጭ፣ ቆየት ያለ ድረ ገጽ ተረክባችሁ ከሆነ ውስጡ «የፕኖፕ» (yepnope.js) የተባለውን ሎደር፣ ማለትም የጃቫስክሪፕት ፋይሎችን ወደ ገጹ የሚጭን ትንሽ ኮድ፣ ወይም «ሞደርናይዘር ሎድ»ን ልታገኙ ትችላላችሁ። ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ብራውዘሩ ምን እንደሚችል የሚፈትሸው ሞደርናይዘር በ2ኛው እትሙ ይዞት የነበረውን 3ኛው ላይ አስወግዶታል። የፕኖፕ ፋይሉን አስቀድሞ ያወርድና እንደገና ከካሽ (ብራውዘሩ ያወረደውን ከሚያስቀምጥበት) ጠርቶ ያስኬደዋል። ሰርቨሩ የካሽ ሄደር (ፋይሉን አስቀምጠው የሚል መልእክት) ካልላከ ያው ፋይል ሁለቴ ይወርዳል። ተጨምቆ 30 ኪሎባይት ገደማ የሆነው ጄኪዌሪ 60 ይበላል፣ የሚያልቀውም ሸዋ ሮቢት ያለው ደንበኛ ፓኬጅ ነው።

ዲፈር
ለአብዛኛው የሱቅ ገጽ ይኼ ይበቃል፤ ሎደር ጭራሽ አያስፈልግም። ስክሪፕት ታጉ ላይ «ዲፈር» (defer) የምትል አንዲት ቃል መጨመር ነው። ፋይሎቹ ጎን ለጎን ይወርዱና ገጹ ተነቦ ሲያልቅ በተጻፉበት ተራ ይሠራሉ፦ ጄኪዌሪ ከላይ፣ ስላይደሩ ቀጥሎ፣ የራሳችሁ ኮድ መጨረሻ። «አሲንክ» መንትያው ቢመስልም ተራ አያውቅም። ትንሹ ስላይደር ከጄኪዌሪ ቀድሞ ይደርስና ኮንሶሉ ላይ የዶላር ምልክቱ አልታወቀም የሚል ቀይ መስመር ይወጣል። ችግሩ አንዴ መጥቶ አንዴ ስለሚጠፋ ቢሮ ውስጥ በፈጣን ዋይፋይ ላታዩት ትችላላችሁ። ሌላ ወጥመድም አለ፦ ዲፈር ገጹ ውስጥ በቀጥታ በተጻፈ ኮድ ላይ አይሠራም። እንዲህ ያለውን ኮድ አውጥታችሁ ለብቻው ፋይል አድርጉት።

የፕኖፕ «ካለ ይኼን፣ ከሌለ ያንን ጫን» የሚለው ፍተሻ ደግሞ በተራ «ኢፍ» ይተካል።

ሎድ ጄኤስ
ደንበኛው «አድራሻ» የሚለውን ሲነካ ብቻ ካርታ እንዲጫን ከፈለጋችሁ ይኼን ትንሽ ሎደር (LoadJS) ውሰዱ። ክብደቱ 1 ኪሎባይት አካባቢ ነው። ፋይሉ ሳይደርስ ቢቀር የሚጠራ ፈንክሽን መስጠት ይቻላል፤ «ነም ሪትራይስ» (numRetries) የሚለውን ምርጫ 2 ብትሉት ራሱ ደግሞ ይሞክራል። ጣርማ በርን እየወረደ ስልኩን ለሚከፍት መንገደኛ ትልቅ ነገር ነው። ፋይሎቹ ተራ ካላቸው «አሲንክ»ን «ፎልስ» ማድረግ አትርሱ፤ ካልሆነ የደረሰው ሁሉ ይሮጣል።

ሪኳየር ጄኤስ
ይኼን ሎደር (RequireJS) የምትመርጡት ኮዱ ቀድሞውኑ በኤኤምዲ (AMD፣ ኮድን በሞጁል ከፋፍሎ የመጻፊያ ስልት) ከተጻፈ ብቻ ነው። ለአሮጌ ፕለጊን ሁሉ «ሺም» (ፕለጊኑ ከምን በኋላ እንደሚጫን የሚናገር ቅንብር) መጻፍ ያሰለቻል። ኤኤምዲ የሚያውቅ ላይብረሪ ከሪኳየር ጄኤስ በኋላ በተራ ታግ ብታስገቡ ደግሞ «ሚስማችድ አኖኒመስ ዲፋይን» የሚል ስህተት ያወጣባችኋል።

የብራውዘሩ ሞጁል
ያለ ሎደር ብራውዘሩ ራሱ የሚረዳው የሞጁል ስልት (type="module") ነው። አዲስ ለሚጀምር ምርጡ ነው፤ ክሮም ከ61፣ ፋየርፎክስ ከ60 ጀምሮ ይቀበሉታል። ከዚያ ያረጀ ብራውዘር ያለው ስልክ ኮዱን ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ያልፈዋል። ፋይሉን ከፎልደር በሁለት ክሊክ ብትከፍቱት አይሠራም፣ ኮምፒውተራችሁ ላይ ትንሽ ሰርቨር አስነሱ።

የትኛውንም ብትመርጡ ክሮም ላይ በዴቭቱልስ (F12) የኔትወርክ ትር ውስጥ ፍጥነቱን ወደ 3ጂ ቀንሳችሁ፣ ካሹን አጥፍታችሁ 10 ጊዜ ያህል ገጹን አድሱ። የቅደም ተከተል ስህተት ካለ ያኔ ብቅ ይላል።